ጦጣ ላይ የሚደረግ የአንጎል ምርምር፦ ያስገኘውና ያስከፈለው

አንድ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አስቡ። እጁ ይንቀጠቀጣል። የቡና ሲኒ ሳያፈስ ከአፉ ማድረስ ካቃተው ቆይቷል። ከወንበር ለመነሳት ሰው ይጠራል። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሰሞን ደህና ረድቶት ነበር፤ አሁን ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይከዳዋል። ሐኪሞች የራስ ቅሉን በትንሹ ይበሱና ከስፓጌቲ የቀጠነ ሽቦ ወደ አንጎሉ ያስገባሉ። ሌላኛው ጫፍ ከቆዳው ሥር አልፎ ደረቱ ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገጠማል። ባትሪው ሲበራ እጁ ይረጋል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደጋግሜ ነው የከፈትኩት።

የሽቦው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ሳብታላሚክ ኒውክለስ ይባላል። አንጎላችን ውስጥ በጥልቀት፣ ግራና ቀኝ፣ አንድ አንድ አለን። ከዚያ ሁሉ የአንጎል ክፍል መሃል ይህችን ቦታ መርጠው እንዲገቡ ሐኪሞቹን ያደፋፈራቸው ጦጣዎች ላይ የተሠራ ሥራ ነው። ጦጣዎቹ በመርዝ እንዲታመሙ ተደረገ። አንጎላቸው ተበሳ። ሥራው ሲያልቅ ተገደሉ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ይከብዳል። ብዙ ሰው አንዱን ያነሳና ሌላውን ይጥላል። አንዱ ወገን ስለ ረጋው እጅ ብቻ ያወራል። ሌላው ስለ ጦጣዋ ስቃይ ብቻ። እኔ ሁለቱንም ላስረዳ እሞክራለሁ፤ የራሴንም አቋም አልደብቅም።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ሳይንቲስቶች ፕራይሜት የሚሉት ትልቅ ቤተሰብ አለ። ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛ፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ እኛም ጭምር። የአንጎል ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ማካክ የሚባሉት የእስያ ዝርያዎች ናቸው። አገራችን የሉም። ከኛ ጦጣ ትንሽ ደልደል ይላሉ፣ ከዝንጀሮ ያንሳሉ። ለአጠራር እንዲቀል ጦጣ እላቸዋለሁ። ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የደረቁት ወጣቶች

ነገሩ የተጀመረው ጎዳና ላይ ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተራ በተራ ሆስፒታል ገቡ። መናገር አይችሉም። መንቀሳቀስ አይችሉም። ገና ወጣትና ጎልማሳ ነበሩ፤ ሁኔታቸው ግን በፓርኪንሰን ብዙ ዓመት የቆየ ሽማግሌ ሁኔታ ነበር። ዊልያም ላንግስተን የተባለ የነርቭ ሐኪም ጉዳዩን እንደ ፖሊስ መርማሪ ተከታተለው። ሁሉም ሄሮይን መስሏቸው ሰው ቤት የቀመመውን ዕፅ በመርፌ ወስደዋል። ቀማሚው ሲሳሳት ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ተፈጥሮ ነበር።

መርዙ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሴሎች ይገድላል። ዶፓሚን እንቅስቃሴያችንን ለማስጀመርና ለማለስለስ የግድ የሚያስፈልግ ኬሚካል ነው። ፓርኪንሰን ላይ የሚሞቱትም እነዚያው ሴሎች ናቸው። ልዩነቱ ጊዜው ነው። ሕመሙ ዓመታት ይፈጃል፤ ለመርዙ ቀናት ይበቁታል።

እንዲህ ያለ ነገር ቀደም ብሎም ታይቶ ነበር። በ1976 ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ራሱ የቀመመውን ዕፅ ወስዶ ደርቆ ቀረ። ያኔ ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን አይጦች ላይ ሞከሩት። ዘላቂ ጉዳት አላዩም። ነገሩም እዚያው ቀዘቀዘ። ለካ የሞከሩበት የአይጥ ዝርያ መርዙን ይቋቋመዋል። ከካሊፎርኒያው ክስተት በኋላ፣ በ1983፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች መርዙን ለማካኮች ሰጡ። ማካኮቹ ልክ እንደ ሰዎቹ ደረቁ። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲሰጣቸው መልሰው ተንቀሳቀሱ።

ለሳይንሱ ትልቅ በር ተከፈተ። የሰውን ፓርኪንሰን ይህን ያህል የሚመስል ሕመም እንስሳ ላይ መፍጠር ተቻለ። መፍጠር የሚለውን ቃል አንለፈው። ጤነኛ የነበረች እንስሳ ሆን ተብሎ ታመመች ማለት ነው። ክፉኛ የታመመች ጦጣ ራሷን መመገብ አትችልም። ሰው በእጁ ካላጎረሳት፣ ውሃ ካልሰጣት ትሞታለች። በየላብራቶሪው ይህን የሚሠሩ ተንከባካቢዎች አሉ። ቀን ቀን ያስታምሟታል፤ ያሳመማትም ያው ቤት ነው። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ልብ ምን እንደሚሰማው ሳስብ ይጨንቀኛል።

ማንም የማይደፍረው ቦታ

አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ማሎን ዲሎንግ በባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የጦጣ አንጎል ሴሎችን አንድ በአንድ ሲያዳምጥ ዓመታት አሳልፏል። ማዳመጥ ስል በጥሬው ነው። ከፀጉር የቀጠነ ኤሌክትሮድ ሴሉ አጠገብ ሲደርስ የሴሉን የኤሌክትሪክ ምት ይይዛል። ምቱ በድምፅ ማጉያ ሲወጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የዝናብ ጠብታ ይመስላል። ጦጣዋ እጇን ስትዘረጋ ጠብታው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። የትኛው ሴል ከየትኛው እንቅስቃሴ ጋር እንደሚሠራ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ዲሎንግና ባልደረቦቹ በመርዝ የታመሙትን ጦጣዎች ሳብታላሚክ ኒውክለስ አዳመጡ። ከባልደረቦቹ አንዱ ሐጋይ በርግማን ነው፤ በኋላ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የተከለ ተመራማሪ። ያገኙት ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ጠብታው ዶፍ ሆኗል። ሴሎቹ ከልክ በላይ ይሠራሉ። እንዲህ አስቡት፦ መኪናው አልሄድ ያለው ሞተሩ ስለጠፋ አይደለም፤ ፍሬኑ እንደተረገጠ ስለቀረ ነው። ዶፓሚን ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያላላ ነገር ይጠፋል።

ታዲያ ፍሬኑን ብናነሳውስ? በ1990 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ነው የመለሰው። በጣት በሚቆጠሩ ጦጣዎች ላይ ያንን ቦታ በኬሚካል አጠፉት። ደርቀው የነበሩት እንስሳት ተንቀሳቀሱ።

ይህ ለምን ያን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ሳብታላሚክ ኒውክለስን ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ የሚያውቁት ግን በክፉ ነው። ስትሮክ ያንን ቦታ ሲመታው የሰውየው ክንድ ወይም እግር ከፈቃዱ ውጪ ይወራጫል። እጁን ዝም ብሎ ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል፤ ማቆም አይችልም። ስለዚህ ቦታው የማይነካ ተብሎ ይፈራ ነበር። ማንም አስተዋይ ሐኪም "ሰው ላይ ልሞክረው" ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም። ቢጠይቅም ሊፈቀድለት አይገባም። ያንን ፍርሃት የሰበረው የጦጣዎቹ ውጤት ነው።

በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1987 አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛ ላይ ሲሠራ ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት በኤሌክትሪክ ይሞክር ነበር። ፈጣን ንዝረት ሲሰጥ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሲያጠፋው ተመለሰ። ያ ቦታ ግን ታላመስ የሚባለው ሌላ ክፍል ነው። መንቀጥቀጥን ያቆማል፤ ድርቀትንና የእንቅስቃሴ ዝግታን ግን ብዙም አይነካም። የጦጣዎቹ ጥናት ሲወጣ ቤናቢድ ሽቦውን ወደ ሳብታላሚክ ኒውክለስ አዞረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1993 ተሠራለት። በ2002 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕክምናውን ለፓርኪንሰን ፈቀደ። እስካሁን በዓለም ዙሪያ ከ100,000 በላይ ሰዎች ይህን ሕክምና አግኝተዋል። ዲሎንግና ቤናቢድ በ2014 ላስከር የተባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት አብረው ወሰዱ።

የእንስሳት ተቆርቋሪዎች እዚህ ላይ የሚያነሱት ነጥብ አለ። "ኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥን እንደሚያቆም የታወቀው ከሰው ነው፤ ከጦጣ አይደለም" ይላሉ። ልክ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ደግሞ "የት እንደሚገባ የታወቀው ከጦጣ ነው" ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው። እኔ ታሪኩን ደጋግሜ ሳየው የጦጣዎቹን ድርሻ መካድ አልቻልኩም። ሁሉም ነገር ከጦጣ መጣ የሚለውንም አልቀበልም። ቤናቢድ ባይኖር የጦጣዎቹ ጥናት መጽሔት ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችል ነበር።

አይጥ ለምን አይበቃም?

በቁጥር እንጀምር። አንዲት ትንሽ አይጥ አንጎሏ ውስጥ 70 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች አሏት። ማካክ 6 ቢሊዮን አካባቢ። ሰው 86 ቢሊዮን። ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። አይጥ ዓለምን በዋናነት የምታውቀው በማሽተትና በጢሟ በመዳሰስ ነው። እኛና ጦጣ በዓይን ነው የምንኖረው። ዓይናችን መሃል ላይ ፊደል ለማንበብ፣ ፊት ለመለየት የሚያስችል ጥርት ያለ ነጥብ አለ፤ አይጥ የላትም። ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ማዘዝ እንችላለን፤ ጦጣም ትችላለች። ከግንባራችን ኋላ ያለው፣ ለማቀድና ራስን ለመግታት የሚረዳው የአንጎል ክፍል ጦጣ ላይ ከኛ ጋር ይቀራረባል። አይጥ ላይ ተመጣጣኙን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የሕፃናት ዓይን ሕክምና ጥሩ ምሳሌ ነው። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል ድመትና ጦጣ ላይ ሠርተው አንድ ነገር አሳዩ። በልጅነት የተሸፈነ ዓይን በኋላ ቢከፈትም አንጎል እሱን ማየት ይተዋል። በ1981 ኖቤል ተሸለሙ። ሕፃን በዓይን ሞራ ሲወለድ "ያድግና ይሠራለታል" የማይባለው፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት በዚህ ምክንያት ነው። እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች በሐሳባቸው ብቻ ሰው ሠራሽ ክንድ የሚያንቀሳቅሱበት ቴክኖሎጂም ጦጣ ላይ ነው የተፈተነው። በ2008 በፒትስበርግ አንዲት ጦጣ በአንጎሏ ምልክት ሜካኒካል ክንድ አዝዛ ምግብ አነሳች፣ ጎረሰች። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ ደግሞ በስትሮክ ሰውነቷ የማይታዘዝላት አንዲት ሴት በሐሳቧ ክንዱን አዝዛ ቡናዋን በራሷ ጠጣች። ወደ 15 ዓመት ገደማ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር።

መምሰል ግን ዋስትና አይደለም። ይህን ብዙ ጊዜ ተመራማሪዎቹ አያነሱትም። ኤንኤክስዋይ 059 የተባለ የስትሮክ መድኃኒት ነበር። ማርሞሴት በሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳየ። ሰው ላይ ግን በሺዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ በ2007 እንደማይሠራ አረጋገጠ። ስለዚህ "ጦጣ ላይ ከሠራ ሰው ላይ ይሠራል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ቀኗ እንዴት ይውላል

ሰው ስለዚህ ምርምር ሲሰማ የሚስለው ደም የበዛበት ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ እውነታው ከዚያ ይለያል። ግን አያጽናናም።

የማየትን ወይም የማስታወስን ነገር ለማጥናት ጦጣዋ መጀመሪያ ወራት ትሠለጥናለች። ከዚያ በማደንዘዣ ውስጥ ሆና ራስ ቅሏ ላይ የብረት ማሰሪያና ወደ አንጎል የሚያስገባ ክዳን ያለው ትንሽ ቀዳዳ ይሠራላታል። ከዳነች በኋላ በየሥራ ቀኑ ልዩ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኤሌክትሮዱ እንዳይነቃነቅ ጭንቅላቷ በማሰሪያው ይያዛል። ፊቷ ስክሪን አለ። ነጥብ ሲበራ ታያለች፣ ሲጠፋ ትጠብቃለች፣ በትክክል ስትመልስ ጠብታ ጭማቂ አፏ ውስጥ ይወርዳል። እንዲህ ለሰዓታት። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት።

ኤሌክትሮዱ አንጎሏ ውስጥ ሲገባ አያማትም። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም፤ ሰውም ነቅቶ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጭማቂውን እንድትፈልገው ከሥራ ውጪ የምታገኘው ውሃ ይለካል። ማሰሪያው ዙሪያ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። አንዳንዷ ብቻዋን ነው የምታድረው። ጦጣ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ፍጡር አይደለም። በመጨረሻ ብዙዎቹ ይገደላሉ፤ ኤሌክትሮዱ በትክክል የት እንደነበረ የሚረጋገጠው አንጎሉ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስለሆነ።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ይህንን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጦጣዋ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትመጣለች። ሙዝ ስትሰጣት ዓይን ዓይንህን አይታ ነው የምትወስደው። ጓደኛዋ ፀጉሯን ሲፈትሽላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ነገሩ ሩቅም አይደለም። አረንጓዴ ጦጣ የሚባለው የአፍሪካ ዝርያ፣ የዚሁ የኛ ጦጣ የቅርብ ዘመድ፣ በበርግማን የኢየሩሳሌም የፓርኪንሰን ጥናቶች ውስጥ አለ። በካሪቢያን ሴንት ኪትስ ደሴትም አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ከምዕራብ አፍሪካ ተወስዶ እዚያ ተራብቷል፤ ዛሬ የአንጎል ምርምር ይደረግበታል።

የነገሩ አስኳል እዚህ ነው። ጦጣዋን ለምርምር የሚያስመርጣት እኛን መምሰሏ ነው። ምርምሩን የሚያከብደውም ይኸው መምሰሏ ነው። ይበልጥ በመሰለችን ቁጥር ይበልጥ ትጠቅማለች፤ የምናደርስባትም በደል ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህ ማምለጫ የለም። "እንስሳ ናት፣ አይገባትም" የሚል ተመራማሪ የራሱን ምርምር መሠረት ነው የሚንደው። ካልገባት ታዲያ ለምን ተመረጠች?

ሲልቨር ስፕሪንግ

ዲሲ አካባቢ የኖረ ሐበሻ ሲልቨር ስፕሪንግን ያውቃታል። የኛ ምግብ ቤቶች፣ የኛ ሱቆች ያሉባት የሜሪላንድ ከተማ ናት። በአሜሪካ የእንስሳት ምርምር ሕግን የቀየረው ታሪክ የተጀመረው እዚያች ከተማ ውስጥ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ኤድዋርድ ታውብ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እዚያ 17 ማካኮች ነበሩት። ከክንዳቸው ወደ አንጎል ስሜት የሚያደርሰውን ነርቭ ይቆርጣል። ክንዱ ይደነዝዛል፤ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ግን አልተነካም። ጦጣዋ ክንዱን ትተወዋለች። ጤነኛው ክንድ ሲታሰር ግን የተተወው ክንድ ይሠራል። ታውብ ከዚህ ያየው ነገር ክንዱ አለመቻሉን ሳይሆን አለመጠቀምን መልመዱን ነው።

በ1981 አሌክስ ፓቼኮ የሚባል ወጣት በበጎ ፈቃድ ሊሠራ ገባ። ፔታ የሚባለውን የእንስሳት መብት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ያየውን ፎቶ አነሳ። ጠባብ፣ የቆሸሸ ጎጆ። ስሜት የሌለውን የራሳቸውን ጣት የነከሱና የቆረጡ ጦጣዎች። ያልታከመ ቁስል። መስከረም ላይ ፖሊስ ገብቶ እንስሳቱን ወሰደ። ታውብ ተከሰሰ፣ መጀመሪያ ላይ ጥፋተኛ ተባለ፣ በ1983 የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የሻረው የግዛቲቱ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ በሚደረግ ምርምር ላይ አይሠራም በማለት ነው። ጎጆው ንጹሕ ነበር ያለ የለም። በ1985 ኮንግረስ ሕጉን አጠበቀ። እያንዳንዱ ተቋም ፕሮጀክቶችን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲኖረው፣ የፕራይሜቶች የአእምሮ ደህንነትም እንዲጠበቅ ታዘዘ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ታውብ ግን ወደ አላባማ ሄዶ ከጦጣዎቹ ያወቀውን ለስትሮክ ሕመምተኞች አዋለው። ጤነኛው እጅ ጓንት ይደረግበታል። ሰውየው ለሁለት ሳምንት በደካማው እጁ ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል፣ በየቀኑም ለሰዓታት ይለማመዳል። በ2006 በ222 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ እንደሆነ አሳየ። ርካሽ ነው። ሽቦ አይፈልግም፣ ባትሪ አይፈልግም። ጓንትና ትዕግሥት ይበቃዋል።

እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ያናድደኛል። ያ ቆሻሻ ለውጤቱ ምንም አላዋጣም። የጦጣዎቹ ቁስል ቢታከም፣ ጎጆአቸው ቢጸዳ፣ ሳይንሱ አንዲት ነጥብ አይቀንስም ነበር። ለዕውቀቱ የግድ የነበረውንና በቸልተኝነት የተጨመረውን መለየት አለብን። ሁለተኛውን "ለሳይንስ ሲባል" ብሎ መሸፋፈን ውሸት ነው።

ገደቡ የት ነው?

በ1959 ዊልያም ረስልና ሬክስ በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሦስት ነገር ጠየቁ። ያለ እንስሳ መሥራት ከተቻለ ያለ እንስሳ ይሠራ። ካልተቻለ ቁጥሩ ይቀነስ። የቀሩትም ስቃያቸው ይቃለል። ዛሬ የብዙ አገር ሕግ በዚህ ላይ ቆሟል። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ እንደ ቺምፓንዚና ጎሪላ ባሉት ላይ መሞከርን እጅግ ለየት ካለ ሁኔታ በቀር ዘግቷል። አሜሪካም በ2015 የመንግሥት የጤና ተቋሟ ለቺምፓንዚ ምርምር የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመች። ማካኮች ግን ከዚህ አጥር ውጪ ናቸው። በአሜሪካ በ2017 ብቻ ከ75,000 በላይ ፕራይሜቶች ለምርምር ውለዋል። አብዛኛው ለአንጎል ሳይንስ አይደለም፤ የመድኃኒት ደህንነት ለመፈተሽና ለክትባት ነው።

አንዱ አገር ሲያጠብቅ ሥራው ወደ ሌላው ይሄዳል። ጀርመን ቱቢንገን ውስጥ ኒኮስ ሎጎቴቲስ የሚባል ስመ ጥር ተመራማሪ ነበር። በ2014 በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ከወጣ በኋላ ተቃውሞና ዛቻ በረታበት፣ ክስም መጣ። የጦጣ ሥራውን አቆመ፤ ክሱ በኋላ ቢቋረጥም ወደ ሻንግሃይ እንደሚሄድ አስታወቀ። እዚያው ሻንግሃይ በ2018 ከሰውነት ሴል ተቀድተው (ክሎን ተደርገው) የተፈጠሩ የመጀመሪያዎቹ ማካኮች መወለዳቸው ተነገረ። በዓመቱ ደግሞ የእንቅልፍ ሥርዓቱ እንዲዛባ ዘረመሉ ከተቀየረ አንድ ጦጣ አምስት ቅጂዎች ተወለዱ። የጭንቀትና የድብርት ምልክት ይታይባቸዋል። ከመወለዳቸው በፊት ለጭንቀት የታጩ ፍጡራን ናቸው። ይህ ያስፈራኛል።

የኔ አቋም ይኸውና። ሙሉ በሙሉ ይታገድ አልልም። የፓርኪንሰኑን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ እንደዚያ ማለት አልችልም። ግን ፈቃዱ ለሙያው በጅምላ የሚሰጥ መሆን የለበትም፤ ጥያቄ በጥያቄ ነው መታየት ያለበት። የዲሎንግ ጥያቄ የጠራ ነበር። ለየት ያለ ሕመም፣ የታወቀ ቦታ፣ ጥቂት እንስሳት፣ ሌላ መንገድ የሌለው። የሃሪ ሃርሎው ነገር ግን ሌላ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ የጦጣ ሕፃናትን ከእናታቸው ለይቶ ከሽቦና ከጨርቅ የተሠራ "እናት" ሰጣቸው። ሕፃናቱ ወተት ከሚሰጠው ሽቦ ይልቅ ጨርቁን አቀፉ። ያ ውጤት በ1950ዎቹ ለሕፃናት ማሳደጊያዎች ጠቃሚ ትምህርት ነበር ይባል። በኋላ ግን ድብርትን ለማጥናት ብሎ ጦጣዎችን ብቻቸውን ጨለማ ጉድጓድ በመሰለ ሣጥን ውስጥ ለሳምንታት አቆየ። ብቸኝነት እንደሚጎዳ ለማወቅ ያ ሁሉ ያስፈልግ ነበር? አንዲት የኛ ሰፈር እናት ሳትማር ታውቀዋለች።

ሌላም አለ። ሳይታተም መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ውጤት አለ፤ ሌላው ተመራማሪ ሳያውቅ ያንኑ ይደግመዋል፣ ሌላ ጦጣ ትሞታለች። ያልተሳካውም ቢሆን መታተም አለበት። አማራጮቹም እያደጉ ነው። ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ኤሌክትሮድ የተገባላቸው ሰዎች ራሳቸው ፈቅደው በጥናት ይሳተፋሉ። ከሰው ሴል በላብራቶሪ የሚያድጉ ጥቃቅን የአንጎል ሕብረ ሕዋሳት አሉ። የሚያስብ፣ የሚንቀሳቀስ ሙሉ አንጎል ገና አይተኩም። የመድኃኒት መርዛማነትን ለመሳሰለው ግን የጦጣን ቦታ መውሰድ ጀምረዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2025 አንዳንድ መድኃኒቶች ላይ የእንስሳት ሙከራን ደረጃ በደረጃ እንደሚተው አስታውቋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ግን ከላብራቶሪ ውጪ ነው። "የሰው ሕይወት ለማዳን ነው" ካልን የትኛው ሰው? ሽቦውና ባትሪው ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣሉ። የዓለም አብዛኛው የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በዓይኑም አያየውም። ሽቦው ይቅርና ሌቮዶፓ ራሱ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት የደረቁ ጥንቸሎችን በዚሁ ንጥረ ነገር መልሶ አስነሳቸው። ኪኒኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሰው ውሏል። አሮጌ መድኃኒት ነው። ግን ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። አንድ ወር ያገኘዋል፣ በሚቀጥለው "የለም፣ አልገባም" ይባላል። ኪኒኑ ያለቀባቸው አባት ጠዋት ከአልጋቸው መውረድ አቅቷቸው፣ ልጃቸው ስልክ ይዞ ውጪ የሚመጣ ሰው ያፈላልጋል።